እስከ ሰባት ቤት

ዛሬ ከቤት መውጣት አላሰኘኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አረፈደ፤ እኔም ወለሉ ላይ ከውሮና ከልጆቿ አጠገብ ተቀምጬ አረፈድኩ። ልቤ ሰሞኑን እንደከበደው ነው። ወደ ምክንያቱ ኋላ እመለሳለሁ።

ልጆቿ አራት ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዷ እንደ እናቷ ሦስት ቀለም፣ አንዷ ጥቁር ሆና ግንባሯ ቦቃ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ዳለቻ። የአንድ ቀን ልጆች ሆነው አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ድመት ላይ ይህ ያለ ነገር ነው። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ጥፍራቸው ግን ገና ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሲጠቡ በፊት እግራቸው የእናታቸውን ሆድ በየተራ ሲጫኑት ቆዳዋን ይቧጥጣታል፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ዝም ትላለች። ዳለቻዋ ሁልጊዜ ከኋላኛው ጡት አትጠፋም። ቀዩ ወንድሟ ሲገፋት አትጮህም፤ ተንሸራትታ ትወርድና በሆዱ ሥር ሾልካ እዚያው ጡት ላይ ትመለሳለች።

ትናንት አንዲት ወዳጄ ልታያቸው መጥታ ነበር። ዳለቻዋን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፣ ጆሮዋን አሻሸችላት፣ ከዚያ “ዘሯ ምንድን ነው?” አለችኝ። የሐበሻ ድመት ናት አልኳት። “እንዲያ ነው?” ብላ መልሳ አስቀመጠቻት። የምትፈልገው ያንን ጸጉሩ የሚጎፈረውን፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን የፈረንጅ ድመት ነው። አልተቀየምኳትም፤ ሰው ደስ ያለውን ይወዳል። ግን ያ ፊት እንዲያ እንዲጠፈጠፍ የተደረገው በሰው ምርጫ ነው፤ ብዙዎቹ ሲተነፍሱ ያንኮራፋሉ፣ እንባቸውም ይፈስሳል። ዳለቻዋ ከእጇ ስትወርድ ሳይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

በእኛ ስም የሚጠራ ዘር እንዳለ አስታወስኩ። አቢሲኒያን ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ እያንዳንዷ የጸጉሩ ዘለላ ላይ ቀለም የሚፈራረቅበት፣ የትውልድ ወረቀት ያለው ድመት ነው። ታሪኩ ከመቅደላ ይጀምራል ይባላል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት አብራ እንደሄደች እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ አገር በወጣ የድመት መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል። ዙላ ደግሞ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ጠረፍ ስም ነው። ያ ጦር ታቦቱን ጫነ፣ ብራናውን ጫነ፣ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። እዚህ ጋ ስደርስ የድመቷ ነገር ሁልጊዜ ይጠፋብኛል።

የሚገርመው ግን የዛሬዎቹን አቢሲኒያኖች ከዙላ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ የለም። የዘረመል ጥናቱ የሚጠቁመው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ሆላንድ፣ ላይደን ሙዚየም ውስጥ ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠች፣ አቢሲኒያንን የምትመስል ድመትም አገሯ ህንድ ተብሎ ነው የተጻፈባት። ስሙ ከእኛ፣ ደሙ ከሌላ። ወደ ኋላ ከተኬደማ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የዓለምን የቤት ድመት በሙሉ፣ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት አድርሶታል።

ዘሩ እንዳይበረዝ ሲባል ዘመድ ከዘመድ ይጋባል፤ ወንድም ከእህት፣ አባት ከልጅ የተገናኙበት ጊዜም አለ። በዚህ መንገድ አንዱ ውስጥ የተደበቀው ሕመም የሁሉም ይሆናል። አቢሲኒያኖች ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ ያለ ጊዜው እንዲፈርስ የሚያደርግ በሽታ አለ፤ ቀስ በቀስ ዓይን የሚያጠፋም አለ። እውነቱን ለመናገር መዝገቡ በጎ ጎንም አለው፦ ወላጆቹ ስለሚታወቁ ተመርምረው የታመመው እንዳይወልድ ይደረጋል፤ የውሮን ልጆች አባት ግን ማን ያውቃል? ቢሆንም ዘር የሚቆጠረው ደም ከደም እንዲቀራረብ መሆኑ ሊዋጥልኝ አልቻለም።

እኛ ቤት ተቃራኒው ነበር። ከአያታችን ሞት በኋላ ሰባት ቤት ያስቆጠረችን አክስቴ ናት፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለች። አንዱን ስንስት ከመጀመሪያው ታስጀምረናለች። የሚቆጠረው ሰው እንዲገጥም ሳይሆን እንዳይጋባ ነው። ሰባት ቤት ካልሞላ ደም ከደም አይገናኝም፤ ትዳር ከሩቅ ይመጣል። የዘር ሐረጉን ያን ያህል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እውቀቱን የሚፈልገው ከዘመዱ ለመራቅ ነበር። ይህ እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ደግሞ ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሊላክ ነው። አክስቴ ስለ ልጁ የጠየቀችው ሥራውን አይደለም፣ ጠባዩንም አይደለም። “ዘሩ ምንድን ነው?” ነው ያለችው። ሰባት ቤት መሙላቱን ለማወቅ ብላ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። እሷ ግን የፈራችው መቅረቡን ሳይሆን መራቁን ነው። እህቴ ምንም አልመለሰችም፤ የቡናውን ሲኒ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያም ብዙ ቆየች።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። እናታችን አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ያበላችን፣ ያለበሰችን፣ ትምህርት ቤት ድረስ እጃችንን ይዛ የወሰደችን እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤት የነበሩትን ልጆች ሁሉ ከየትም ይምጡ ከእኛው ሳህን ታበላቸው ነበር። ምን ሰማች? ማን ምን አላት? ወይስ እኔ ልጅ ሆኜ ሳላየው የቀረ ነገር ነበር?

እሁድ ትመጣለች። ተቀምጬ ያንን ቆጠራ ከመጀመሪያው ላስጀምራት እያሰብኩ ነው፤ እሷ ለእኛ እንዳደረገችው፣ ለምን እንደሚቆጠር ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ። ግን በስተርጅና ይህን የሚጠይቃት ያሳደገችው ልጅ ሲሆን፣ እንዳዋረድኳት ሳይሆን እንደምወዳት ሆኖ ይሰማት ይሆን?