የብሮንኮስ ቲኬት አየር በአየር፣ ዴንቨር ላይ

ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ሃቫና መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ካፌዎች አንዱ ገብታችሁ ቁጭ በሉ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ወሬው ሁለት ነው። አንዱ ኡበር ድሮ ቀረ የሚለው ነው፣ ሌላው ደግሞ እገሌ የዴንቨሩን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የብሮንኮስን ቲኬት ሽጦ በአንድ እሁድ የሳምንት ደሞዙን አገኘ የሚለው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እውነትም ውሸትም አለበት፣ እኔ ስራው ውስጥ ትንሽ ስላለሁበት ሰው በየጊዜው ይጠይቀኛል፣ ዛሬ ኦፍ ስለሆንኩ ቡናዬን እየጠጣሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገር ቲኬቱ ራሱ በቀላሉ አይገኝም። ብሮንኮስ ከ1970 ጀምሮ ሜዳው ላይ ሲጫወት ቲኬት ሶልድ አውት ነው፣ ተሽጦ ያልቃል፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም። ሲዝን ቲኬት፣ ማለትም የዓመቱን የሜዳ ጨዋታ ሁሉ የሚያስገባውን፣ ልግዛ ካልክ ወረፋ ላይ ትመዘገብና ልጅህ ኮሌጅ እስኪጨርስ ትጠብቃለህ። ስለዚህ ለእኔና ለአንተ ያለው የአንድ ጨዋታ ቲኬት ነው፣ እሱም ሰመር ላይ ሽያጩ ሲከፈት ኦንላይን ተሰልፈህ ከቀናህ ታገኛለህ፣ ካልቀናህ ደግሞ ከያዘው ሰው ላይ ጨምረህ ትገዛለህ።

ብዙ ሀበሻ የማያውቀው አንድ ነገር ግን አለ። ለእያንዳንዱ የሜዳ ጨዋታ 2,000 ቲኬት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ለማንም ሳይሆን ዴንቨርና ዙሪያዋ ባሉት ካውንቲዎች ውስጥ ለሚኖር ሰው። ምክንያቱም አሁን ያለው ስታዲየም በ2001 ሲከፈት ገንዘቡ በከፊል ከእኛ ከነዋሪዎቹ ነው የወጣው፣ በ1998 ሕዝቡ ድምጽ ሰጥቶ 10 ዶላር ስትገዛ 1 ሳንቲም ለስታዲየም ትከፍል ነበር፣ ግማሽ ዋጋው የዚያ ውለታ ነው። አራፓሆ ካውንቲም አዳምስም ውስጡ ስላሉ ኦሮራ ያለ ሰው መሞከር ይችላል። በደቂቃ ውስጥ ያልቃል እንጂ ሲገኝ ሲሳይ ነው። እሱን የምሸጠው አይደለም፣ ልጆቼን ይዤ ነው የምገባበት። ሰው እዚያ ስታዲየም ወለሉን በእግሩ ሲረግጠው ብረት ስለሆነ እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል፣ የተጋጣሚው ኳስ ሳትያዝ መሬት ስትወድቅ ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ "ኢን ኮም ፕሊት" እያለ ይጮኻል። ልጆቼ ቤት ውስጥ እንጀራ ከእጄ ሲወድቅ ራሱ እንደዛ ይሉኛል።

የምሸጠው ከየት ነው ላላችሁት፣ ኤርፖርት አብሮኝ የሚሰራ አንድ አሜሪካዊ አለ፣ ሲዝን ቲኬቱን ከአባቱ የወረሰ። ሁሉንም ጨዋታ አይገባም፣ ከዓመቱ የተወሰነውን ሁለት ሁለት ወንበር በራሱ ዋጋ ለእኔ ይለቅልኛል፣ እኔ ደግሞ ሽፍት ሲገጥመኝ እሸጠዋለሁ፣ ኤርፖርት እሁድ የለውማ። ዋጋው ታዲያ እንደ አክስዮን ነው በሉት፣ ሜይ ላይ ፕሮግራሙ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቡድናችን ዘንድሮ ዋንጫ ይበላል ብሎ ስለሚያስብ ይሰቀላል። ተቀናቃኞቻችን ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ወይም ሬይደርስ ሲመጡ ደጋፊዎቻቸው ከሌላ ስቴት መኪና እየነዱ በፕሌን እየተሳፈሩ ይመጣሉ፣ ሆቴል የያዘ ሰው ደግሞ በቲኬት አይከራከርም። ግን ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ ወሩ ዲሴምበር ሆኖ፣ በረዶ ይጥላል ከተባለ፣ ያው ቲኬት የገዛህበትን ግማሽ አያወጣም። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ሽንኩርት እንኳን ለነገ ያድራል። ለዚህ ነው መግባት ብቻ የምትፈልጉ ሰዎች ለማትረፍ ካልሆነ አትቸኩሉ የምለው፣ የእሁድ ጠዋት ገዢ ብዙ ጊዜ ከጁላይ ገዢ የተሻለ ያገኛል፣ ልባችሁ ከቻለ።

ካፌ ውስጥ የማይወራው ደግሞ ቲኬቱን የምንሸጥበት አፕ የሚቆርጠው ነው። ከሻጭ ከመቶ 10፣ 15 ይወስዳል፣ ከገዢ ደግሞ ለብቻው ይጨምራል፣ ስለዚህ በ200 ሸጥኩ ያለህ ሰው እጁ ላይ 200 አልገባም፣ የገዛውም በ200 አልገዛም። ድሮ ይባስ ብሎ መጨረሻ ላይ ካርድህን ካስገባህ በኋላ ነበር የአፑ ፊ፣ ክፍያው፣ ብቅ የሚለው፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ አስገድዷቸው ጠቅላላ ዋጋውን ከመጀመሪያው ያሳያሉ። ገንዘቡም ቶሎ አይመጣም፣ አብዛኞቹ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው የሚለቁልህ። ትርፉ ታክስ አለበት፣ የታክስ ፎርም አልመጣልኝም ማለት አላሳውቅም ማለት አይደለም፣ ይሄን ሲባሉ ብዙዎቹ የቲኬት ነጋዴዎች ቡናቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ጊዜ አንድ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ በዲቪ የመጣ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሀበሻ ነው ብሎ አምኖ ከአንዱ ሁለት ቲኬት ገዛ። በዜል፣ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላከው፣ ገንዘቡን ላከለት፣ ሰውየው ስክሪንሾት ላከለት። ልጁ እጮኛውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ ማሽኑ አልቀበል አለው። ቲኬቱ አሁን ስልክ ውስጥ ነው ያለው፣ ባርኮዱ በየጥቂት ሴኮንዱ ይቀያየራል፣ ስክሪንሾት ፎቶ ነው በቃ፣ ማስታወሻ። ትክክለኛው መንገድ ትራንስፈር ነው፣ ሻጩ ከራሱ አካውንት ወደ አንተ አካውንት ይልካል፣ አንተ አክሰፕት ትላለህ፣ አካውንትህ ውስጥ ሳታየው አንድ ዶላር አትልክም። ዜል ደግሞ አንዴ ከሄደ ባንክ ብትጮህም መመለሱ ህልም ነው። ሰውየውን ስንደውልለት ስልኩን ዘጋ፣ ዛሬም ከግሩፑ አልወጣም፣ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ይለናል።

አየር በአየር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም መቼም። አዲስ አበባ ስታዲየም ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ የካታንጋ ቲኬት በር ላይ በስንት ይሸጥ እንደነበር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በ2012 ኦክቶበር ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍማ ቲኬት የነበረው ሰው ንጉሥ ነበር። ለንደን ያለው የአጎቴ ልጅ አርሰናል ነው፣ እኔ በአፕ ቲኬት እንደምሸጥ ስነግረው ደነገጠ። እነሱ ጋ የእግር ኳስ ቲኬት ያለ ፈቃድ መሸጥ ወንጀል ነው፣ ከ1994 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ፣ ሲዝን ቲኬት ያለው ሰው መግባት ካልቻለ በክለቡ በራሱ በኩል ነው የሚለቀው። እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ በአፕ በግልጽ ሽጥ ነው። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እንደ ሻጭ የኛ፣ እንደ ገዢ የነሱ።

ከባዱ ግን ዋጋም ሕግም አይደለም፣ ለሀበሻ መሸጥ ነው። ለማላውቀው ሰው አፑ ላይ በሦስት እጥፍ ብሸጥ ምንም አይሰማኝም። ክርስትና ላይ አብረን ጠላ የጠጣን ሰው ሲጠይቀኝ ግን እንዴት ነው 100 ዶላር አትርፌብህ ነው የምለው? ስለዚህ በገዛሁበት እሰጣለሁ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀንሼ። ሚስቴ ይሄ ንግድ ሳይሆን ምጽዋት ነው ትለኛለች።

በ2023 ኦክቶበር መጨረሻ፣ ያ ብሮንኮስን በተከታታይ 16 ጊዜ ካሸነፈው ከቺፍስ ጋር የነበረው ጨዋታ፣ እኔ ሽፍት ነበረኝ። ቤተክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው "ልጄ ነፍሱ ነው፣ እባክህ አንተ ልጅ፣ ይዤው ልግባ" አሉኝ። ጋሼ ናቸው፣ ምን እላለሁ፣ አፑ ላይ እጥፍ እያወጣ በገዛሁበት ትራንስፈር አደረግኩላቸው። ማታውን ዋጋው የት ደረሰ ብዬ አፑን ስከፍት ሴክሽኑ ያው፣ ረድፉ ያው፣ ሁለት ወንበር፣ እኔ ልጠይቅ ካፈርኩበት ዋጋ በላይ ተለጥፏል። ጠዋት ስነሳ ተሽጧል። ብሮንኮስ 24 ለ 9 አሸነፈ፣ ያ ሁሉ ዓመት ተጠብቆ።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። "ጋሼ፣ ጨዋታው እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ብርዱ አይጣል ነው" አሉኝ።