ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ፊልሙ ግን ወፍ የለም

ሊኑክስ የጫንኩበት የቤት ኮምፒውተር ላይ ዲቪዲ ማየት ፈልጌ ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዲስኩን አስገብተህ ቁጭ ማለት ነው። እኔ ጋ ግን ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ድራይቩ ያጉረመርማል፣ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ትንሽ ያስብና ዲስኩን መክፈት አልቻልኩም ብሎ ጭጭ ይላል። ምስልም ድምፅም ወፍ የለም።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ማጫወቻውን ነው። ቪኤልሲን ያጠፋና ኤምፒቪን ይጭናል፤ እሱም እንቢ ሲለው ሌላ ይፈልጋል። እኔ በዚያ መንገድ መሄድ አልፈለግኩም። ሊኑክስ ላይ ያሉት የታወቁ ማጫወቻዎች ዲቪዲ ሲያነቡ ከሥር የሚደገፉት በአብዛኛው በተመሳሳይ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ስብስቦች) ነው። ሊብዲቪዲሪድ ዲስኩን ያነባል። ሊብዲቪዲናቭ የዲስኩን ማውጫ (ሜኑ) ያንቀሳቅሳል። ሊብዲቪዲሲኤስኤስ ደግሞ የተቆለፈውን ይከፍታል። ችግሩ እነሱ ጋ ከሆነ ማጫወቻ መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ለመውጣት ወሰንኩ። መጀመሪያ ድራይቩ፣ ከዚያ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም)፣ ከዚያ ቁልፉ፣ ማጫወቻው በስተመጨረሻ።

ለድራይቩ ምርመራ ቤት ውስጥ ካሉት ዲስኮች ሦስት ዓይነት መረጥኩ፦ የሙዚቃ ሲዲ፣ ራሳችን የቀዳነው የቤተሰብ ቪዲዮ ያለበት ዲቪዲ፣ እና ፋብሪካ የታተመ ፊልም። ምርጫው በዘፈቀደ አይደለም። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር በሆነ የጨረር ብርሃን ነው፤ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ብርሃን። ብዙ ድራይቮች ለሁለቱ የተለያየ የጨረር ምንጭ አላቸው። ስለዚህ «ሙዚቃ ይጫወታል፣ ድራይቩ ደህና ነው» የሚባለው ነገር አያስኬድም። አንደኛው ጨረር ደክሞ ሌላኛው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ ሁሉ «ዲስክ የለም» የሚል ከሆነ ሶፍትዌሩን ተዉት፣ ድራይቩን ቀይሩት።

ቤት የተቀዳው ዲቪዲ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራል። እሱ ላይ የምስጠራ ቁልፍ የለም። እሱ ተጫውቶ የፋብሪካው ፊልም እንቢ ካለ ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ ቁልፉ ይዞራል። እኔ ጋ የሆነው እንደዚያ ነው። ሲዲው ሠራ፣ የቤተሰቡ ቪዲዮ ሠራ፣ ፊልሙ ብቻ ቆመ። አንድም ኮማንድ ሳልጽፍ ግማሹ መልስ እጄ ገባ። (በነገራችን ላይ ቤት የተቀዳ ዲስክ ተቀድቶ ሲያልቅ በትክክል ካልተዘጋ ሌላ ድራይቭ ላይ ላይነበብ ይችላል። በአንድ ዲስክ ብቻ አትፍረዱ።)

ለማመሳከር ብዬ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ድራይቭም ሞክሬ ነበር። እሱ የራሱ አመል አለው። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስኩ ፍጥነት ሊይዝ ሲል ድራይቩ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። አንዳንዶቹ ሁለት መሰኪያ ያለው ገመድ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ሁለቱንም ስሰካ ጸጥ ብሎ ሠራ። ፊልሙን ግን እሱም አልከፈተውም። ይሄ ጥሩ ዜና ነበር፤ ጥፋቱ የድራይቭ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ስለሆነ።

ቀጥሎ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፈትኩ። ኤልኤስቢኤልኬ የሚለው ትዕዛዝ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙትን ማከማቻዎች ይዘረዝራል። ዲቪዲው ብዙውን ጊዜ ኤስአር0 ተብሎ ይታያል። ታየ፣ መጠኑም ትክክል ነው። የፈቃድ ጉዳይ እንዳይሆን ብዬ የተጠቃሚ ስሜ ሲዲሮም የተባለው ቡድን ውስጥ መኖሩንም አየሁ። አለ። እለፍ።

ትልቁን ሥራ የሠራልኝ የከርነሉ መዝገብ ነው። ዲሜሴጅ የሚባለው ትዕዛዝ ያወጣዋል፤ አዳዲስ ስርጭቶች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ከፊቱ ሱዶ የሚለውን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ቃል ይፈልጋል። ማጫወቻው «አልቻልኩም» ብሎ ሲያቆም ከርነሉ ለምን እንዳልተቻለ ጽፎ ያስቀምጣል። ሊኑክስ ላይ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ስህተቱ አይደበቅም፣ የት እንደተጻፈ ማወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ዲስኩን አስገብቼ፣ ፊልሙን ለመክፈት ሞክሬ፣ ወዲያው የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች አነበብኩ።

እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት መልእክት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የተመሰጠረ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) ያለ ማረጋገጫ ሊነበብ ተሞከረ የሚል ነው። ይሄ ማለት ዲስኩም ድራይቩም ደህና ናቸው፣ ግን ድራይቩ «መጀመሪያ ማንነትህን አሳይ» እያለ ነው። ሁለተኛው የሚዲያ ስህተት የሚል ነው፤ ሊታረም ያልቻለ የንባብ ስህተት ብሎም ያክልበታል። ይሄኛው ዲስኩ መቆሸሹን፣ መጫጫሩን ወይም ድራይቩ መድከሙን ይናገራል። ማጫወቻው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚታዩት። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያውን ዲስክ በማጽዳት አትፈቱትም፣ ሁለተኛውንም ሶፍትዌር በመጫን አትፈቱትም። የእኔ መዝገብ ያሳየው የመጀመሪያውን ነበር።

ቁልፉ ሲኤስኤስ ይባላል። ዲቪዲ ገበያ ላይ ሲወጣ በ1996 አብሮት የመጣ ምስጠራ ነው። የቁልፉ ርዝመት 40 ቢት ብቻ ነው፤ ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። በ1999 ዲሲኤስኤስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ምስጠራውን ፈትቶ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ከፕሮግራሙ ጋር ስሙ የተያያዘው ኖርዌያዊው ወጣት ዮን ሌክ ዮሃንሰን ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2003 መጀመሪያ ነጻ ወጣ፤ ይግባኝ ተጠይቆበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እንደገና ነጻ ተባለ። ቪኤልሲን የሚሠራው የቪድዮላን ፕሮጀክት የሚያዘጋጀው ሊብዲቪዲሲኤስኤስ ይሄንኑ የመክፈት ሥራ በራሱ መንገድ ይሠራል።

ታዲያ ለምን ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይመጣም? ሕግ ነው። የአሜሪካው የ1998 የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለ ቁልፍ መክፈቻ መሣሪያ ማሰራጨትን ይከለክላል። ስለዚህ ትልልቆቹ ስርጭቶች ላይብረሪውን ፕሮግራም ከሚወርድበት ዋናው መጋዘናቸው ውጭ አደረጉት። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና የምትኖሩበትን ማየት የእናንተ ፋንታ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁትን ዲስክ በራሴ ኮምፒውተር ለማየት ይሄን ሁሉ ማንበብ ግን አሁንም ያስቀኛል።

አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። ሊብዲቪዲሪድ ይሄን ቁልፍ ከፋች የሚፈልገው ሥራ ላይ እያለ ነው። ካገኘው ይጠቀምበታል፣ ካጣው ዝም ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ቪኤልሲን ስትጭኑ «አንድ ነገር ጎድሏል» የሚላችሁ የለም። ሁሉም የተሟላ ይመስላል፤ ቁልፍ ያለው ዲስክ እስክታስገቡ ድረስ።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ኡቡንቱ ላይ መልቲቨርስ፣ ዴቢያን ላይ ኮንትሪብ የሚባለው የመጋዘኑ ክፍል መከፈት አለበት። ከዚያ ሊብዲቪዲ-ፒኬጂ የተባለውን ፓኬጅ አፕት በሚባለው መጫኛ ትዕዛዝ መጫን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ አለ። ይሄ ፓኬጅ ላይብረሪው ራሱ አይደለም። ምንጭ ኮዱን ከቪድዮላን አውርዶ እናንተው ኮምፒውተር ላይ የሚገነባ አዘጋጅ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከተጫነ በኋላም ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር የሚለውን ትዕዛዝ በፓኬጁ ስም ማስኬድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ራሱ በሚያወጣው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ይነግራችኋል። ሳጥኑን ሳያነቡ «እሺ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ያን ያደረገ ሰው ፓኬጁ ተጭኖ እያለ ፊልሙ ለምን እንደማይከፈት ግራ ይገባዋል። ፌዶራ ላይ ደግሞ አርፒኤም ፊውዥን ከተባለው መጋዘን ውስጥ ቴይንትድ የሚለውን ክፍል መጨመር ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ተከፈተ። የመጀመሪያው አከፋፈት ቶሎ አይሆንም። ላይብረሪው የእያንዳንዱን ክፍል ቁልፍ ሲፈልግ ድራይቩ ይንጫጫል፣ መስኮቱ የደረቀ ይመስላል። አትዝጉት። ያገኛቸውን ቁልፎች ስለሚያስቀምጣቸው ያንኑ ዲስክ በሚቀጥለው ጊዜ ስታስገቡ ይፈጥናል።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። ከሌላ አገር የመጣ አንድ ዲስክ አሁንም እንቢ አለ፣ መዝገቡም ያንኑ የማረጋገጫ ስህተት መለሰ። ይሄ የሪጅን ኮድ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋታል፤ 1 አሜሪካና ካናዳ፣ 2 አውሮፓና ጃፓን፣ 5 አብዛኛው አፍሪካ፣ ሕንድና ሩሲያ እያለ ይቀጥላል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ድራይቮች ቁጥሩን ራሳቸው ውስጥ ይይዛሉ። ባለቤቱ መቀየር የሚችለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ሲስተሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ቆጠራውን አይመልሰውም፤ ያለው ድራይቩ ውስጥ ነውና።

ሪጅንሴት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ድራይቩ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለና ስንት መቀየሪያ እንደቀረው ያሳያል። ከመቀየራችሁ በፊት ማየቱ ይበጃል። ምንም ቁጥር ያልተሰጠው ድራይቭም አለ፤ እሱን አንድ ጊዜ መሙላት ብቻ ሊበቃው ይችላል። የእኔው ግን ቁጥር ነበረው፣ ለአንድ ዲስክ ብዬ መቀየሪያ ማባከን አልፈለግኩም። ሊብዲቪዲሲኤስኤስ ሌላ መንገድ አለው። ዲቪዲሲኤስኤስ ሜተድ የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበውን ቅንብር) «ታይትል» በሚለው ቃል ሞልታችሁ ማጫወቻውን ከዚያው ተርሚናል ብታስነሱት፣ ላይብረሪው ድራይቩን ቁልፍ መለመኑን ይተዋል። ራሱ ከተመሰጠረው ውሂብ ላይ ቁልፉን በስሌት ያገኘዋል። እኔ ጋ ሠራ። ሁሉም ድራይቭ ላይ አይሠራም፤ አንዳንዱ የተመሰጠረውን ሴክተር ጭራሽ አሳልፎ አይሰጥም።

የሚዲያ ስህተቱ የመጣው በሌላ ፊልም ላይ ነው፤ መሃል ላይ ደርሶ ምስሉ ካሬ ካሬ ሆነና ቆመ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ለዩ። 8.5 ጊጋባይት የሚይዙት ዲስኮች ሁለት ንብርብር አላቸው። ጨረሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፊልሙ ለቅጽበት ቢይዘው ብልሽት አይደለም። መዝገቡ ላይ ስህተት እየተደረደረ ከሆነ ግን ዲስኩን አውጥታችሁ እዩት። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አይሁን። ውሂቡ የተጻፈው እንደ ጠመዝማዛ መስመር ነው። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ትንሽ ብቻ ስለሚያጠፋ የስህተት ማረሚያው ይሞላዋል። መስመሩን ተከትሎ የሚሄደው ግን ረጅም ተከታታይ ውሂብ ስለሚያበላሽ ማረሚያው አይችለውም።

ጽዳቱ ሳይበቃ ሲቀር ከተበላሸ ዲስክ ውሂብ የሚያድነውን ዲዲሬስኪዩን ተጠቀምኩ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁ ጂዲዲሬስኪዩ ተብሎ ነው የሚገኘው። የሴክተሩን መጠን 2048 ብላችሁ ትነግሩታላችሁ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይገለብጣል፣ ወደ ክፉው ቦታ በኋላ ይመለሳል። የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብ አቋርጣችሁ ሌላ ድራይቭ ላይ መቀጠል ትችላላችሁ፤ አንዱ ያቃተውን ሴክተር ሌላው ሊያነበው ይችላል። ቁልፍ ላለው ዲስክ ግን መጀመሪያ ፊልሙን ቪኤልሲ ላይ ትንሽ አስጀምራችሁ ዝጉት። ድራይቩ ማረጋገጫውን ያኔ ይጨርስና ኮፒውን ይፈቅዳል። የተገኘውን የምስል ፋይል (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) ቪኤልሲ እንደ ዲስክ ይከፍተዋል።

ማጫወቻው ላይ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ የቀረውም ጥቃቅን ነበር። አንዳንድ ዲስክ ማውጫው ላይ ይንጠለጠላል። ቪኤልሲ ዲስክ በሚከፍትበት መስኮት ላይ «ያለ ዲስክ ማውጫ» የሚለውን ስመርጥ በቀጥታ ወደ ፊልሙ ገባ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታየው መስመር ደግሞ ምስሉ በተጠላለፉ መስመሮች ስለተቀዳ ነው፤ የቪዲዮ ምርጫው ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ማብራት ያጠፋዋል። ድምፁ ላይ ሙዚቃው እየጮኸ ንግግሩ የሚያንሾካሽክ ከሆነ ትራኩ ለስድስት ድምፅ ማጉያ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ያለው በመሃለኛው ቻናል ላይ ነው፣ እኔ ጋ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ከድምፅ ዝርዝሩ ውስጥ ባለ ሁለት ቻናሉን ትራክ ስመርጥ ንግግሩ ጠርቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ትራክ በሌለው ዲስክ ላይ የቪኤልሲን የድምፅ መጭመቂያ አበራለሁ፤ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል።