የዓመቱ መጨረሻ ምሽት በቶኪዮ

ቶኪዮ የሄድኩት ዲሴምበር 31ን እዚያ ለማሳለፍ ብዬ ነው። ርችት ለማየት አይደለም። ኮሃኩ ኡታ ጋሰን የሚባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ከጃፓናውያን ጋር ቁጭ ብዬ በቀጥታ ለማየት ነው። ሴት ዘፋኞች ቀይ፣ ወንዶቹ ነጭ ቡድን ሆነው ተራ በተራ ይዘፍናሉ። በመጨረሻ ዳኞችና ተመልካቾች አሸናፊውን ይመርጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ግን አንድ አገር ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል።

ጠዋት ዩራኩቾ ወደሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ሄድኩ። የ1953ቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት የተላለፈው እዚህ ከነበረው ኒቺጌኪ ከሚባል ትልቅ ቴአትር ቤት ነበር። ቴአትር ቤቱ በ1981 ፈርሷል። አሁን ቦታው ላይ ማሪዮን የተባለው የገበያና የሲኒማ ሕንፃ ቆሟል። የበዓል ገበያተኛው ይተራመሳል።

ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ ቀኑ ነው። ኮሃኩ በጃንዋሪ 3፣ 1951 በሬዲዮ ሲጀመር የአዲስ ዓመት ሰሞን ዝግጅት ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ሰፊ አዳራሽ አስፈለገ። በአዲስ ዓመት ሰሞን ደግሞ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ሁሉ ተይዘዋል። የተገኘው ክፍት ቀን ዲሴምበር 31 ሆነ። ዛሬ ያለ እሱ ዓመቱ ያለቀ የማይመስላቸው ልማድ የመጣው ከአዳራሽ እጦት ነው!

ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል። ጃፓን በጦርነቱ በተሸነፈችበት በ1945፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት፣ ተመሳሳይ የዘፈን ፉክክር በሬዲዮ ተላልፏል። ውጊያ የሚል ስም እንዳይሰጠው አገሪቱን የያዘው ጦር ስለከለከለ ግጥሚያ ተባለ። ከተማቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ያን ሌሊት ሬዲዮ ከበው ዘፈን ሲሰሙ ይታየኛል።

ኮሃኩን የሚያዘጋጀው የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ድርጅት ኤንኤችኬ በፌብሩዋሪ 1953 የቴሌቪዥን ስርጭት ሲጀምር የተመዘገቡት ተመልካቾች 866 ብቻ ነበሩ። የሻርፕ የመጀመሪያው ቴሌቪዥን 175 ሺህ የን ያወጣ ነበር፤ ከአንድ ጀማሪ ተቀጣሪ የዓመት ደመወዝ በላይ። ስለዚህ ሰው የሚያየው መንገድ ላይ ከተተከለ ቴሌቪዥን ወይ ጎረቤት ቤት ገብቶ ነው። ይህን እኛም በደንብ እናውቀዋለን።

ከሰዓት በኋላ ሺቡያ ወደሚገኘው ኤንኤችኬ አዳራሽ ወጣሁ። ከ1973 ጀምሮ የኮሃኩ ቤት እሱ ነው። ትኬት አይሸጥም፤ መግቢያው በዕጣ ነው። ከውጭ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አጠገቡ ያለው የዮዮጊ መናፈሻ በ1964ቱ ኦሎምፒክ የአትሌቶች መንደር ነበር። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2፡12፡11 ያሸነፈበት ኦሎምፒክ ነው እንግዲህ። ያን ሩጫ ጃፓናውያን በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተውታል። ዘፈን ፍለጋ መጥቼ አበበን ሳስበው እንባዬ መጣ።

ማታ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ዕድሜ የጠገቡ እናት፣ ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጡኝ። ሶባ ቀረበ። በሾርባ የሚበላ ቀጭን ፓስታ መሰል ምግብ ነው፤ ርዝመቱ የረጅም ዕድሜ ምኞት ነው ይላሉ። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ እየተረጎመችልኝ ዝግጅቱ ከምሽቱ 1፡20 ላይ ተጀመረ።

ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ግን ሩጫ ነው። አንዱ ዘፍኖ ሳይጨርስ የሌላው መድረክ ይዘጋጃል። አቅራቢዎቹ ሰከንድ እየቆጠሩ ያወራሉ። ድሮማ ይብስ ነበር፤ ከ1969 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የዓመቱ የሙዚቃ ሽልማት በዚያው ምሽት ሌላ ቦታ ስለሚሰጥ፣ ዘፋኞቹ ከዚያ በመኪና እየበረሩ ነበር የሚደርሱት።

እኔን የማረከኝ ግን ሳሎኑ ነው። ወጣቶቹ እየጨፈሩ ሲዘፍኑ ልጅቷ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፤ አያትየዋ ሻይ እየጠጡ ይታገሷታል። ኪሞኖ የለበሰች ዘፋኝ ኤንካ የተባለውን የድሮ ዜማ ስትጀምር ደግሞ አያትየዋ አብረው ያዜማሉ፤ ልጅቷ ስልኳን አስቀምጣ ቃላቱን ትነግረኛለች። በ1963 የተመልካቹ መጠን 81.4 በመቶ ደርሶ ነበር። አሁን 30 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ ጊዜው አልፎበታል የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። አያትና የልጅ ልጅ አንዱ የሌላውን ዘፈን እስከ መጨረሻው የሚሰሙበት ሌላ ምን ዝግጅት አለ?

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙሉ ምስል አልቀረም። ያኔ በቀጥታ ተላልፎ አለቀ። እማማ ግን በልጅነታቸው ጎረቤት ቤት ያዩትን ዘፋኝ የልብስ አሠራር ሳይቀር ነገሩኝ። «ሁሌም ቀዩን ነው የምደግፈው» አሉኝ። ከ5፡45 በኋላ ሁላችንም ተያይዘን ለአዲስ ዓመት ጸሎት ወደ ሜጂ መቅደስ ወጣን። ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ከኋላችን የቆሙት ባልና ሚስት ማን ማሸነፍ እንደነበረበት ይከራከሩ ነበር፤ እማማም ዞር ብለው ገቡበት።