ክረምቱን ብድር ክፍል ለምትውሉ

ለኢንተርንሺፕ ባንክ የሚመደብ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው ኮርፖሬት ባንኪንግን ነው። ትልልቅ ደንበኞች፣ ወፍራም ፋይሎች፣ የብድር ኮሚቴ። ምርጫ ካላችሁ ግን እኔ የምመክረው ክትትል ወይም ፖርትፎሊዮ የሚባለውን፣ የተሰጡ ብድሮችን የሚከታተለውን ጠረጴዛ ነው። አንድ የብድር ጥያቄ ከማመልከቻ እስከ ኮሚቴ ሳምንታት ስለሚፈጅ በሁለት ወር ውስጥ መሃሉን ብቻ አይታችሁ ትወጣላችሁ። ወቅቱም አይረዳም። የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ ሒሳቡን ለማሳወቅ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ስለዚህ በሐምሌ ፋይሉ ውስጥ የምታገኙት የአምናውን የኦዲት ሪፖርትና ደንበኛው ራሱ ያዘጋጀውን ፕሮቪዥናል፣ ማለትም ኦዲት ያልተደረገ ጊዜያዊ ሒሳብ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ገደበ፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከፍ አደረገው። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ ብድር ይቀንሳል፤ ክትትሉ ግን አይቀንስም።

ከምትሰጡት ሥራ የመጀመሪያው ኤጂንግ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ብድር ክፍያ ስንት ቀን እንዳለፈው መቁጠር። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው የብሔራዊ ባንክ አመዳደብ ከ30 ቀን በታች ፓስ፣ ከ30 እስከ 90 ስፔሻል ሜንሽን፣ ከ90 እስከ 180 ሰብስታንዳርድ፣ ከ180 እስከ 360 ዳውትፉል፣ ከዚያ በላይ ሎስ ይባላል። 90 ቀን የሞላው የተበላሸ ብድር ነው። በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ግን ከክፍሉ ጠይቃችሁ ራሳችሁ አንብቡት። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ መስፈርት ደግሞ የራሱ ደረጃዎች ስላሉት አንዱ ብድር በሁለት ሠንጠረዥ ሁለት ስም ይዞ ብታገኙት አትደንግጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ያለፈውን ክፍያ ብቻ እንደተበላሸ መቁጠር ነው። 10 ሚሊዮን ብር ቀሪ ዕዳ ያለበት ደንበኛ የ600 ሺህ ብር ክፍያ 95 ቀን ቢያሳልፍ የተበላሸው 600 ሺው አይደለም፤ 10 ሚሊዮኑ በሙሉ ነው። ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ሲስተሙ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውሉና ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በእኛ። 5/11/2017 ማለት ሐምሌ 5 ነው፤ ኤክሴሉ ግን የፈረንጆቹን ኖቬምበር ወይም ሜይ 2017 አድርጎ ያነበዋል፤ ያኔ ብድሩ የስምንት ዓመት ውዝፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከመቀነሳችሁ በፊት ሁሉንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡት፤ ቀን መስሎ ጽሑፍ ሆኖ የገባውንም ለዩ። ደንበኛን ደግሞ በስም አትደምሩ። «መሐመድ» በላቲን አምስት ዓይነት ይጻፋል። በቲን ቁጥር ደምሩ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሩን ከባለቤቱ የግል ብድር ጋር ማያያዝም አትርሱ። ለአንድ ተበዳሪ የሚፈቀደው ጣሪያ፣ ማለትም የባንኩ ካፒታል 25 በመቶ፣ የሚለካው ተያያዥ ወገኖችን አንድ ላይ ይዞ ነው።

ኦቨርድራፍት ላይ ግን ጊዜ ስጡ፤ ደንበኛው በሒሳቡ ካለው በላይ እስከ ተፈቀደለት ሊሚት የሚያወጣበት ብድር ነው፤ እንደሱ የሚያስተምር የለም። 5 ሚሊዮን ብር ሊሚት ያለው ነጋዴ የአሥራ ሁለት ወር ስቴትመንት አውጡና የየወሩን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዕዳ ጻፉ። ጤነኛ ሒሳብ ይወጣል ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ በ4.8 እና በ5 ሚሊዮን መካከል የቆመ ከሆነ ገንዘቡ ሸቀጥ እያዞረ አይደለም፤ የመክፈያ ጊዜ የሌለው ብድር ሆኗል። በ360 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንዴ ዕዳው ወደ ሊሚቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ እዚህ ላይ ወደ 250 ሺህ ብር፣ እንዲወርድ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ከዘመድ ተበድሮ ለአንድ ሌሊት ያስገባና በማግስቱ ያወጣዋል። ሪፖርቱ ላይ «ወርዷል» ይላል። ስለዚህ መውረዱን ብቻ ሳይሆን ከወረደ በኋላ ስንት ቀን እንደቆየ ቁጠሩ። ወለዱንም አስሉ። በ18 በመቶ የ5 ሚሊዮን ብር ወለድ በወር 75 ሺህ፣ በሦስት ወር 225 ሺህ ነው። የሦስት ወሩ ገቢ ይህን ካልሸፈነ ወለዱን እያበደረ ያለው ባንኩ ነው።

ወቅቱንም ከሥራው ጋር አስተያዩት። ከኅዳር እስከ ጥር እሸት ቡና የሚገዛ አቅራቢ በታኅሣሥ ሊሚቱን ቢሞላ ያለ ነው። በሐምሌም እንደሞላ ከሆነ ቡናው አልተሸጠም፣ ወይም ተሽጦ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ገብቷል። መጋዘን ሄዶ ማየት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የተበላሸ ብድር ምጣኔን፣ ማለትም የተበላሸውን ለጠቅላላው ብድር አካፍላችሁ ስታሰሉ፣ አካፋዩን እዩ። 40 ሚሊዮን ለ800 ሚሊዮን 5 በመቶ ነው፤ በወሩ 200 ሚሊዮን አዲስ ብድር ቢለቀቅ 40 ለ1 ቢሊዮን 4 በመቶ ይሆናል። አንድም ሰው አልከፈለም።

ፋይል ማጣራት አሰልቺ ነው፤ ያለ እሱ ግን አይሆንም። ከሁሉ በላይ የሚጎድለው የመያዣው ኢንሹራንስ ነው። በየዓመቱ ያልቃል፤ አስታዋሽ የለውም። ውሉ ላይ ባንኩ ተጠቃሚ ተደርጎ መጠቀሱንም ተመልከቱ። ከዚያ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የመያዣው የምዝገባ ማረጋገጫ። ይህ የሚያስፈልገው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው፤ ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለሐራጅ የሚያወጣው ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ነው። የንግድ ፈቃድ በሐምሌ ሳይታደስ ብታገኙ ግን «ጉድለት» ብላችሁ አትጻፉ፤ የማደሻው ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ተማሪዎች በዚህ ሲሳሳቱ ሠራተኛው ይስቃል።

ለዩኒቨርሲቲው በምታስገቡት ሪፖርት የደንበኛ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የፋይል ፎቶ አይግባ። «ደንበኛ ሀ» በሉ፤ ቁጥሮቹንም ሁሉንም በአንድ ብዜት ለውጧቸው፤ ምጣኔው ያው ይቆያል። ረቂቁን ከማስረከባችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለክፍሉ ኃላፊ አሳዩ፤ በመጨረሻው ቀን ከወሰዳችሁት ኃላፊው ሳያነበው ሊፈርም አይገደድም።