ነጻው ግላይሲን ስንት ነው? ካድሚየምን በፖላሮግራፊ ስለካ

የማስተርስ ጥናቴ ጥያቄ ሲነገር ቀላል ነው፦ ካድሚየም አዮን ግላይሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ምን ያህል አጥብቆ ይተሳሰራል? የተጠቀምኩት ፖላሮግራፊን ነው፤ ቼካዊው ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረውን፣ በ1959 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትን ዘዴ። ከቀጭን ቱቦ ጫፍ የሜርኩሪ ጠብታ ይንጠለጠላል። ቮልቴጁ ወደ ኔጌቲቭ ሲወርድ ካድሚየሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሜርኩሪው ውስጥ ይገባል። ሊጋንድ (እንደ ግላይሲን ያለ ብረትን የሚይዝ ሞለኪውል) የያዘው አዮን ግን በቀላሉ እሺ አይልም፤ የበለጠ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ፒኩ፣ ማለትም ካድሚየሙ ኤሌክትሮን ሲቀበል ከረንቱ የሚያሳየው ጫፍ፣ ወደ ኔጌቲቭ የሸሸበት መጠን የትስስሩን ጥንካሬ ይነግረናል። ጠብታው እየወደቀ በአዲስ ስለሚተካ የኤሌክትሮዱ ገጽ ሁሌም ንጹሕ ነው፤ ይህን ነገሩን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። (የወደቀውን ሜርኩሪ ውኃ ባለበት ዕቃ አጠራቅሙት፤ ፍሳሽ ውስጥ እንዳትደፉት።)

መጀመሪያ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሠራሁ። ካድሚየም ከክሎራይድም ጋር ስለሚተሳሰር ወደ 0.1 ሞላር ፖታሲየም ናይትሬት ዞርኩ።

ብዙ ሳምንት የበላብኝ ሌላ ነው። በፒኤች 7፣ ግላይሲኑን እስከ 0.1 ሞላር እየጨመርኩ ስለካ ፒኩ 25 ሚሊቮልት ያህል ሸሸ። ሳሰላው የመጀመሪያው ትስስር (የአንድ ካድሚየምና የአንድ ግላይሲን) ጥንካሬ በሎጋሪዝም 1.6 ወጣ፤ መጻሕፍት የሚሰጡት ከ4 በላይ ነው። ካድሚየሙን እንደገና በጠበጥኩ፣ ኤሌክትሮዱን ቀየርኩ፣ ቁጥሩ ግን አልነቃነቅ አለ። ስህተቱ ያለው ስሌቴ ላይ ነበር። የግላይሲን አሚን (ካድሚየምን የሚይዝበት ናይትሮጅን ያለው ክፍል) ፕሮቶኑን የሚለቀው በፒኤች 9.8 አካባቢ ነው። ስለዚህ በፒኤች 7 ካድሚየምን ለመያዝ ዝግጁ የሆነው ከ600 አንዱ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የጨመርኩትን በሙሉ ነጻ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። በነጻው መጠን ሳሰላ 4.4 ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፒኤች ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድ ቀን የናይትሮጅን ሲሊንደሩ እያለቀ ስለነበር ኦክስጅኑን ከብጥብጡ ለማስወጣት ለ3 ደቂቃ ብቻ ነፋሁ፤ ፒኩ ከወትሮው እጅግ ራቀ። የቀረው ኦክስጅን ኤሌክትሮዱ ላይ ሲቀነስ ፕሮቶን ይበላል፤ ጠብታው ዙሪያ ፒኤች ይጨምራል፣ ነጻው ግላይሲንም አብሮ ይበዛል። አሁን 15 ደቂቃ እነፋለሁ፣ ስለካም ጋዙ ከላይ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። የምጨምረው የግላይሲን ብጥብጥም ያንኑ ያህል ካድሚየምና ናይትሬት ይዞ፣ ፒኤቹም ተስተካክሎ ይዘጋጃል።

በመጨረሻ ሁሉንም በፒኤች 8 ደገምኩት። እዚያ ነጻው ከ61 አንድ ነው፤ ፒኩም የበለጠ ሸሸ። ስሌቱ 4.5 አለኝ።