ጎማው መሬት ከነካ በኋላ

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ሞተሩ በድንገት ጮኾ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ካለ፣ ተሳፋሪው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ የወንበሩን እጀታ ጨበጥ ያደርጋል። አብራሪዎች «ጎ አራውንድ» ይሉታል፤ ማረፉን ትቶ ዞሮ እንደገና መሞከር። በራሱ አደጋ አይደለም።

መቼ ነው የሚተወው? በደመና ውስጥ 1000 ጫማ ላይ፣ ጥርት ባለ አየር 500 ጫማ ላይ ሲደርሱ ጎማው ወርዶ፣ ፍላፑ (ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል) ተዘርግቶ፣ ፍጥነቱ ልኩን ይዞ፣ መውረዱም በደቂቃ ከ1000 ጫማ ሳይበልጥ መገኘት አለበት። አንዱ ከጎደለ ይተዋል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው የበረራ ደህንነት ድርጅት እንደሚለው፣ መስፈርቱን ሳያሟሉ ከሚመጡት ውስጥ የሚተዉት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2010 ህንድ ማንጋሎር ላይ ረዳት አብራሪው ሦስት ጊዜ «ጎ አራውንድ» ቢልም ካፒቴኑ ቀጠለ፤ 158 ሰው አለቀ።

ውሳኔው በጊዜ ቢመጣም እጅ ሊሳሳት ይችላል። በቦይንግ 777 የሞተር ማንሻው ላይ ቶጋ የሚባል ቁልፍ አለ። አብራሪው ሲጫነው አውቶስሮትሉ (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረው አውቶማቲክ) ማንሻውን በራሱ ወደ ፊት ይገፋዋል። ፍላፕ «20» ወደሚለው ልክ ይሰበሰባል፣ አፍንጫ ይነሳል፣ ሌላኛው አብራሪ ጉልበቱ መጨመሩን ያያል፤ መውጣታቸው ሲረጋገጥ ጎማ ይታጠፋል።

ነሐሴ 3 ቀን 2016 (እንደ ፈረንጆቹ) ዱባይ ላይ የኤምሬትስ በረራ 521 (ቦይንግ 777) አብራሪዎች ይህንኑ አደረጉ። ነፋሱ ተቀያይሮባቸው አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ሩቅ ሄዶ ነበር ጎማው የነካው። ለመተው ወሰኑ፤ ቶጋ ተጫኑ። ግን ጎማው አንዴ መሬት ከነካ ቁልፉ እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ማንሻው ከኋላ ቆመ፣ ሞተሩም በዝቅተኛው ጉልበት ላይ ቀረ። አፍንጫው ተነሳ፣ ጎማው ታጠፈ፣ አውሮፕላኑ በቀረችው ፍጥነት ብቻ 85 ጫማ ያህል ወጥቶ መውረድ ጀመረ። ማንሻው በእጅ የተገፋው ሊወድቅ 3 ሰከንድ ሲቀረው ነው፤ ሞተር ደግሞ ከዝቅተኛው ወደ ሙሉው ለመድረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ውስጥ የነበሩት 300 ሰዎች ተረፉ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሞተ።

ጥፋቱን ሁሉ አብራሪዎቹ ላይ መጣል ቀላል ነው። የምርመራው ሪፖርት ግን በአውቶማቲኩ ላይ መደገፍንና ከማኮብኮቢያው አጠገብ የሚደረግ ጎ አራውንድ ሥልጠና ማነስንም አንስቷል። ቁልፉ ሁሌ የሚሠራበትን ልምምድ ብቻ ሲደጋግም የኖረ ሰው፣ ዝም ሲለው ለማየት ዓይኑ አልተገራም።

ስለዚህ ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ውስጥ መደጋገም ያለበት ይኸው ነው፦ ጎማው ነክቶ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ጉልበት ላይ እያለ መተው። ቶጋ ይሥራም አይሥራ ማንሻውን በእጅ እስከ መጨረሻው መግፋት፣ «ጎማ ይታጠፍ» ከማለት በፊት የሞተሩን ቁጥር ማየት። ሪቨርሰሩ (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ አውሮፕላኑን የሚያዘገየው) ከተከፈተ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶ ማረፉ ግድ ይሆናል።