የስሜንን ጉም ጨርቅ ላይ ማሳተም፦ ሦስተኛው ሙከራ ተሳካ

ሦስተኛው ጨርቅ ባለፈው ሳምንት ሳሎን ተሰቀለ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ፎቶው ጥቅምት ላይ ስሜን ተራሮች ሄደን እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ በጠዋት ያነሳሁት ነው (3,926 ሜትር ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል)፣ ገደሎቹ ተደራርበው በመሃል በመሃላቸው ጉም ተኝቷል።

የመጀመሪያውን አቡጀዲ ላይ ነበር ያሳተምኩት፣ ጥጥ ስለሆነ ያምራል ብዬ፣ ግን እኔ የሄድኩበት ማሊያና ባንዲራ የሚያትም ቤት የሚሰራው በሰብሊሜሽን ነው፣ ቀለሙ 200 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሲያገኝ ተኖ ፖሊስተር ውስጥ ይገባል፣ ጥጥ ግን አይዘውም። ደብዝዞ ወጣ፣ ሳጥበው ደግሞ ጭራሽ ሄደ። በዚህ መንገድ የምታሳትሙ ከሆነ መጀመሪያ ጨርቁ ፖሊስተር መሆኑን ጠይቁ።

ሁለተኛው ፖሊስተር ነበር፣ እሱ ደግሞ ጨለመብኝ። ስክሪን ራሱ ስለሚያበራ ገደሉ ጥላ ውስጥ ያለው ሣሩም ጅብራውም ይታያል፣ ጨርቅ ላይ ግን ያለው የቤቱ መብራት ብቻ ነው፣ ጥላው እንዳለ ጥቁር ሆነ። እዛ ጥላ ውስጥ እኮ ጭላዳዎች ነበሩ! አንጀቴ ነው ያረረው። ለሦስተኛው ኤዲት ሳደርግ ሻዶውን፣ ማለት የፎቶውን ጨለማ ክፍል፣ አበራሁት፣ ስክሪን ላይ የገረጣ እስኪመስለኝ ድረስ፣ ከዛ ሙሉውን ከማሳተሜ በፊት ትንሽ ቁራጭ ቴስት አስወጥቼ ቤት ወስጄ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቀንም ማታም አየሁት። ይሄን ከመጀመሪያው ባደርግ ኖሮ ሁለት ጨርቅ ባላባከንኩ ነበር።

ሳይዙን ለጠየቃችሁኝ፣ ካሜራዬ 24 ሜጋፒክሰል ነው፣ 6000 በ4000 ፒክሰል ማለት ነው፣ በ100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 100 ነጥብ) ስታሰሉት 150 በ100 ሴንቲ አካባቢ ይመጣል፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ጨርቅ ይበቃል። በቴሌግራም ዝም ብሎ የተላከ ፎቶ ግን ስለሚጨመቅ አይሆንም፣ በፋይል ይላክላችሁ።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው። ልብስ ሰፊ ጋር ወስጄ ላይና ታቹን እንደ መጋረጃ ማስገቢያ አሰፋሁት፣ ላይ ቀጭን እንጨት፣ ታች ከበድ ያለ ብረት አስገባሁ፣ ታች ክብደት ከሌለው ጠርዙ ይጠቀለላል። ተከራይ ስለሆንኩ ግድግዳውን በድሪል መብሳት አልፈልግም ነበር፣ ጨርቅ ቀላል ስለሆነ ሁለት ትንንሽ ሚስማር ቻሉት። ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ግን ተውኩት፣ ፀሐይ እየቆየ ቀለም ያነጣል።

እናቴ እሁድ ቡና ልትጠጣ መጥታ ስኒዋን እንደያዘች ፊቱ ቆማ ብዙ አየችው፣ ከዛ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አድርጋ «ውይ ልጄ፣ ብርዱ ራሱ ይታያል» አለችኝ።